ደብዳቤው ምን ይላል?

ጡረታ የወጡት የእንግሊዝኛ መምህር ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ በልባቸው አነበቡት። ጎረቤታቸው ወይዘሮ አንጓች ከፊታቸው ቆመው ይጠብቃሉ። የወይዘሮዋ ልጅ ይርዳው ሰላም ለማስከበር ውጭ አገር ከዘመተ ዓመት ሆኖታል፤ ደብዳቤውን የጻፈው ፈረንጅ አዛዡ ነው።

«ምን ይላል፣ መምህር?»

መምህሩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ሲያስተምሩ ኖረዋል። «ስትሮንግ» የሚባለው ጉልበት ያለው ሰው ነው፤ «ብሬቭ» የሚባለው ግን እየፈራም ቢሆን አደጋ ውስጥ የሚገባ ነው። ሁለቱን ለሚያምታታ ተማሪ ምሕረት አልነበራቸውም።

ደብዳቤው «ብሬቭ ነበር» ይላል። ሁለት ጓደኞቹን ከሚነድ መኪና አውጥቶ፣ ሦስተኛውን ሊያወጣ እንደገባ አልተመለሰም።

«ጠንካራ ነው ይላል» አሉ መምህሩ። «ጉልበቱን ሁሉም አድንቆለታል። ደህና ነው።»

ወይዘሮ አንጓች ፊታቸው ላይ ምንም አልታየም። ወረቀቱን ተቀብለው በእጥፋቱ መልሰው አጠፉት።

«ትናንት የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንብባልኛለች» አሉ ቀስ ብለው። «ምናልባት እርስዎ ሲያነቡት ሌላ ይል እንደሆነ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«እስቲ አሁን ያሉትን ይድገሙልኝ።»