አንድ እፍኝ ጨው

እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት የቆዳ ፋብሪካው ኬሚስት አንድ እፍኝ ጨው የመስታወት ገንዳ ውስጥ በተነ። ገንዳው ከፋብሪካው በሚወጣ ውሃ ተሞልቷል። ውስጡ የሚዋኙት፣ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ሽሪምፕ የተባሉ የውሃ ፍጥረታት፣ ወንዙ ጨዋማውን ሐይቅ ከሚቀላቀልበት የመጡ ናቸው። ውሃው ጨው ሲኖረው ከቆዳ ማልፊያው የሚወጣው መርዘኛ ብረት እንደ ልቡ ገላቸው ውስጥ አይገባም። ብረቱ ግን የትም አይሄድም። ይህን ከኬሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

የወንዙን ውሃ እየጠጣ ከብት ያለቀባቸው የመንደሩ ሽማግሌዎች ለእርቅ ገብተው ገንዳውን ከበቡት።

“እነዚህ ፍጥረታት ጠብታ መርዝ አይችሉም” አለ ኬሚስቱ ደረቱን ነፍቶ። “እዩአቸው እስቲ፣ ሰርገኛ መስለዋል! ውሃችን ንጹሕ ነው።”

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው እማማ አትጠገብ ብርጭቆ ዘረጉለት።

“እሰይ፣ የኔ ልጅ! እንግዲያው ቅዳልንና እንጠጣ፤ እርቁም እዚሁ ይለቅ።”

በደስታ ቀዳላቸው። እማማ አትጠገብ ግን አልተቀበሉትም።

“ምነው? ጠላ እንኳ ሲቀርብ የቀዳው ሰው ቀምሶ አይደል የሚሰጥ?”

ኬሚስቱ ሽሪምፖቹን አየ። ሽማግሌዎቹን አየ። ብርጭቆውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

“በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ባለኝ፣ እማማ። ዛሬ ግን ዓርብ ነው። ጾመኛ ነኝ፤ እህል ውሃ በአፌ አልዞረም።”

እማማ አትጠገብ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ፋሲካ የዋለው እኮ ባለፈው እሁድ ነው፣ ልጄ” አሉት። “ሃምሳው ቀን ሳይወጣ ጾም አለ እንዴ?”