የጦጣዎቹ መልስ ጉብኝት

ጫካ የጎበኘ ሰው በጫካው ነዋሪዎች መልሶ ይጎበኝ የሚል ሕግ ወጥቷል። እታገኝ ባለፈው ክረምት ከባሏና ከልጇ ጋር በሐረግ እየተወዛወዘች የተዝናናችበት ደሴት ጦጣዎች ዛሬ ሳሎኗን ሞልተውታል።

"ወንዱ ይሄ ነው፤ ሪሞቱን ካልነካችሁበት አይተናኮልም" አለ አስጎብኚያቸው በቀቀን፣ ሶፋው ላይ ወደተጋደመው ባሏ በክንፉ እየጠቆመ።

እታገኝ ብትናደድም እንግዳ ጦሙን አይሸኝም ብላ፣ ቀይ ወጥ በእንጀራ ጠቅልላ ለአሮጊቷ ጦጣ ዘረጋችላት።

"በሞቴ፣ አንዴ ብቻ።"

"ከእጃቸው እንዳትቀበሉ፤ ይለምድባቸዋል" አለ በቀቀኑ።

አሮጊቷ አፈገፈገች። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ፤ ወጡ በእታገኝ ክንድ ቁልቁል ወረደ። ያኔ ደሴቱ ላይ ይህችው አሮጊት የተላጠ ማንጎ ስትዘረጋላቸው፣ እታገኝ ልጇን ጎትታ ሸሽታ ነበር። አሮጊቷ እጇን መቼ እንደሰበሰበች ዘወር ብላ እንኳ አላየችም ነበር።