ቅዳሜ የሚመጡት አራት ወንዶች

ኦግኒየን ሲወለድ ሴት ተብሎ ነበር የተመዘገበው። በሃያ ስድስት ዓመቱ ቤልግሬድ ውስጥ ጡቱን በቀዶ ሕክምና አስወግዶ ማክሰኞ ዕለት ከሆስፒታል ወጣ። ከግራና ከቀኝ ጎኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ወጥተው፣ ጫፋቸው ላይ እንቁላል የሚያካክሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ተንጠልጥለዋል።

ነርሷ ስትሸኘው ነገሩን አላስረዘመችም። ክንድህን ከትከሻህ በላይ አታንሣ፣ ከባድ አትሸከም፣ አትደንግጥ። ጠርሙሱ በደማቅ ደም ከሞላ ግን ወዲያው ደውል። ቅዳሜ ቤትህ መጥቼ ቱቦውን አወጣልሃለሁ።

የምታስታምመው የአባቱ እህት ስታሜና ናት። ባሏ ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነውም ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ነፋስ ደግሞ ከጥይት በላይ ትፈራለች፤ በግንቦት ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርጋ ነው የተቀበለችው።

«አክስቴ፣ ታፍኜ ልሞት ነው።»

«ታፍኖ የሞተ ሰው አላየሁም። ነፋስ ግን ስንቱን ጨርሶታል።» ከፊቱ የሥጋ ሾርባ አስቀመጠች። «ጠጣ። ያለ ሥጋ ቁስል አይደርቅም።» ማንኪያውን እያቀበለችው፣ «አባትህ ልቡን አሞት ተኝቷል» አለች።

«ልብ አለው እንዴ?»

ስታሜና አልሳቀችም።

ኦግኒየን ይህችን ዘዴ ያውቃታል። የዛሬ ሁለት ዓመት እውነቱን ለአባቱ ለሚሊሳቭ ከነገረው በኋላ፣ «አባትህ ታሟል» የሚል መልእክት ደርሶት ወደ መንደር ሄዶ ነበር። የታመመ ሰው አላገኘም። ያገኘው አባቱንና የአጎቱን ልጅ ራዶሽን ነው፤ ሁለቱ ተጋግዘው እህል ቤት ቆለፉበት። በአሥራ አንደኛው ቀን በመስኮት ሾልኮ ሲሮጥ አባቱ ከኋላው የጮኸው እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። «የትም ብትደበቂ መጥቼ እወስድሻለሁ!»

ሐሙስ ጠዋት ሲነሣ የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት በአንሶላ ተሸፍኗል።

«ሐኪሙ ቁስልህን ገና አትይ ብሏል» አለች ስታሜና።

ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አልወጣውም። ኦግኒየን ግን አፍራብኝ ነው ብሎ ከፋው። ሬዲዮው ተነቅሏል። ስልኩም የለም፤ «ዕረፍት ያስፈልግሃል» ብላ ወስዳዋለች። ለምሳ ባቄላ በዘይት ቀረበለት።

«ሥጋውስ?»

«ሥጋ ለቁስል አይሆንም።»

ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ ድምጿን ከወጥ ቤት ሰማ። በስልክ እያንሾካሾከች ነው። ጆሮውን አቆመ።

«ቅዳሜ ነው... አዎ፣ ራዶሽ ይንዳ... አራት ጠንካራ ወንድ ይበቃል፣ ከስቷል እኮ... የለም፣ እሱ ምንም አያውቅም። ቱቦው እስኪወጣለት ማንም ትንፍሽ እንዳይል።»

ኦግኒየን ሰውነቱ በላብ ተጠመቀ። አራት ወንድ! ክንዱን እንኳ ማንሣት ለማይችል ሰው አንዱ ይበቃው ነበር።

ዓርብ ጠርሙሱን ሲያየው ትናንት ፈዛዛ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ ቀልቷል። ትኩሳቱም ጨምሯል። ሲፈራ ልቡ ይመታል፣ ልቡ ሲመታ የሚደማ ይመስለዋል፣ የሚደማ ሲመስለው የባሰ ይፈራል። ሐኪሙ ጋ ልደውል ቢል ስልኩ እሷ ዘንድ ነው። እግሬ አውጪኝ ብሎ ጫማውን ሳያስር ወደ በሩ ሄደ። ተቆልፏል። ቁልፉ የለም።

«ወዴት ነው?» ስታሜና ከኋላው ቆማለች። ዓይኗ ደም መስሏል።

«አየር ልቀበል።»

«ውጭው ነፋስ ነው።»

«ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«ሽንኩርት ነው» አለችው። ወጥ ቤቱ ግን ሽንኩርት አይሸትም ነበር።

ከአራተኛ ፎቅ በመስኮት አይዘለል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ኦግኒየን የዳቦ ቢላዋውን ትራሱ ሥር ደብቆ ቅዳሜን ጠበቀ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። ስታሜና ቁልፉን ከሽርጧ ኪስ አውጥታ በሩን ከፈተች። ኦግኒየን ቢላዋውን ጨብጦ መተላለፊያው ላይ ቆመ።

የገባችው ነርሷ ናት። ቢላዋውን አየት አድርጋ፣ «ተወው፣ እኔ መቀስ ይዣለሁ» አለችው።

ጠርሙሱን አየች፣ ቁስሉን ዳሰሰች፣ ትኩሳቱን ለካች። ብዙ ተንቀሳቅሰሃል ብላ ተቆጣችው፤ የሚያሰጋ ነገር ግን አላገኘችም። ቱቦዎቹን ተራ በተራ ሳበቻቸው። እሱ ጥርሱን ነከሰ።

«እና አሁን ቢደነግጥስ?» ስትል ስታሜና ጠየቀቻት።

«ቁስሉ ይዟል። ክንዱን እንዳያነሣ ብቻ፤ ምንም ነገር እንዳይሸከም።»

ኦግኒየን ነርሷን አትሂጂብኝ ሊላት አሰበ። እሷ ግን ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። በሩ ተዘጋ። ወዲያው ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«ራዶሽ ነው» አለች ስታሜና።

«አክስቴ፣ አሳልፈሽ ሰጠሽኝ?»

ስታሜና ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችለት። የአባቱን ጽሕፈት ወዲያው ዐወቀው። ከላይ መስቀል አለ፤ በየመንደሩ ዛፍና አጥር ላይ እንደሚለጠፈው የሞት ማስታወቂያ በጥቁር መስመር ተከቧል። ሚሊሳቭ በሰው ሥራ አምኖ አያውቅምና የራሱንም ማስታወቂያ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ራሱ ጽፎ ለእህቱ ልኮላታል። የሞተበትን ቀን ብቻ ባዶ ትቶት ነበር፤ እዚያ ላይ ስታሜና በእርሳስ «ረቡዕ» ብላ ሞልታለች። አራቱ ወንዶች ሬሳውን ለመሸከም ነበሩ፤ የመስታወቱ አንሶላና የሥጋው መቅረትም ለሐዘኑ።

«ሐዘንተኞች» ከሚለው ሥር፣ ከሁሉም በፊት፣ አባቱ «ወንድ ልጁ ኦግኒየን» ብሎ ጽፏል።