የተንጋለለችው ማውስ

በሰባ ሰባት ዝናቡ ቀረ። እህል ከጎርጎራ በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር ይሻገር ነበር። አንድ ከሰዓት ነፋስ ተነሣና የጀልባው ነጂ ዳኘው ሐይቁ ውስጥ ወደቀ። ገመድ ወርውራ ይዛ ያቆየችው ከተሳፋሪዎቹ አንዷ፣ የሺአረግ የምትባል የካርታ ሠራተኛ ነበረች። እሱ ወጣ። ገመዱ የተጠመጠመበት ቀኝ እጇ ግን ከዚያ ወዲያ አልታጠፈም።

ዳኘው አሁን የብስ ላይ ነው፤ እሷ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ጥገና ክፍል። ዛሬ ጧት ከዋንዛ የጠረበውን ቁራጭ ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀመጠላት። ማውሷን ገልብጦ እንጨቱ ውስጥ ቀብሯታል። ከሆዷ ሥር ሆና ጠረጴዛ ስታሽ የኖረችው ኳስ ወደ ጣሪያው አፍጥጣለች። ቁልፏን ደግሞ በመዳፍ ጠርዝ እንድትጫናት ወደ ጎን አውጥቶ አስፍቷታል።

የክፍሉ ኃላፊ ጓድ ሣህሉ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ። «ምነው ጋሽ ዳኘው፣ ምስኪኗን አይጥ በጀርባዋ አንጋለሏት?»

«አርፋ ትተኛ ብዬ ነው፣ ጓድ። ያስቸገረን መሮጧ ነው።»

ሣህሉ ክፉ ሰው አይደለም፤ ትእዛዝ መጥቶበታል። ካርታ በብዕር መሣል ሊቀር ነው። በማሽኑ መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራል። የሺአረግ ክረምቱን ሙሉ ማውሷን በማይታጠፉ ጣቶቿ ልትጨብጥ ታግላለች። ግራዋንም ሞክራለች፤ ግራ እጇ መስመር አያውቅም።

«እስቲ ዛሬ ልየው» አለ ሣህሉ።

መዳፏን ኳሷ ላይ አሳርፋ ወደ ቀኝ ገፋች። ስክሪኑ ላይ ቀስቱ ወደ ግራ ሄደ። ወደ ግራ ገፋች፤ ወደ ቀኝ ሄደ።

«ጋሼ፣ እምቢ አለች» አለች ቀስ ብላ።

ዳኘው በገዛ እጁ ሞከራት። ለእሱ እጅ ልክ ናት። ደግሞ ሞከራት። ከዚያ ገባው፤ ዕድሜውን የጀልባ መሪ ሲገፋ ነው የኖረው። መሪውን ወደ ግራ ሲገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይዞራል።

«ለጀልባ ነጂ ሠርቻት!» አለ ግንባሩን ይዞ።

«ታዲያ ካርታውን ወደ ጎርጎራ ልንነዳው ነው?» አለ ሣህሉ። የሺአረግን ሳቅ አመለጣት።

ሥራውን ሲጀምር ያማከረው የፖሊ ቴክኒክ መምህር ነግሮት ነበር፤ አቅጣጫው ከተገለበጠ እነዚህን ሁለት ሽቦዎች አቀያይር ብሎ። ዳኘው ማሽኑን አጥፍቶ እንጨቱን ፈታ። ሽቦዎቹን አቀያይሮ በጥድፊያ ይበይድ ጀመር።

«አይቸኩሉ ጋሼ» አለችው። «ዕዳ የለብዎትም ብዬ ስንት ጊዜ ልንገርዎት?»

«አንቺማ ትያለሽ። በእጅሽ የተረፈ ትንፋሼን የምሰማው እኔ ነኝ።»

ማሽኑ ተከፈተ። ወደ ቀኝ ገፋች፤ ወደ ቀኝ ሄደ። ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት ጀምራ የሐይቁን ዳርቻ ያዘች። መስመሩ መጀመሪያ ተንገዳገደ፣ ከዚያ እየጸና ሄደ። ሣህሉ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። «ግምጃ ቤቱ ሌላ ሰው ይፈልግ» ብሎ ወጣ።

ዳኘው መፍቻውን ኪሱ ከተተ። እንዲህ ከፊቷ በቆመ ቁጥር ሥራዋን ትታ ቀና ትላለች፤ እሱን ለማጽናናት።

«የሺዬ» አላት። «አመሰገንሁ።»

ዛሬ ግን አልሰማችውም። መስመሩ የዘጌን ጥግ እየዞረ ነበር፤ መዳፏ ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል፤ እሱ እዚያ መቆሙን ረስታዋለች።