ምሰሶው ካልመሰከረ

ዘንድሮ አዲስ ሕንፃ ሰው የሚገባበት ምሰሶው ራሱ «ብረቴ ሙሉ ነው» ብሎ ሲመሰክር ነው። ምሰሶ ደግሞ ወሬ ሲወድ! የቤቴን ምሰሶ፣ ከልጄ ጋር በተጣላን ቁጥር እንዳይሰማን በጋቢ ነው የምጠቀልለው።

የልጅ ልጄ ናሁሰናይ ኢንጂነር ነው። የሠራው ሕንፃ ምሰሶ ዛሬ ካልመሰከረለት ፈቃዱን ሊነጠቅ ነው።

«ብረትህ ሙሉ ነው?» አለው መርማሪው ምሰሶውን፣ እኔና ናሁሰናይ አጠገቡ ቆመን።

«እማማ የትናንቱን ወሬ ካልጨረሱልኝ አልናገርም» አለ ምሰሶው።

ናሁሰናይ አፈጠጠብኝ። «እማዬ፣ ደግሞ ምን ነግረሽው ነው?»

«ብቻውን ቆሞ አሳዝኖኝ ነዋ!»

«ይጨርሱለት እንጂ!» አለ መርማሪው ሰዓቱን እያየ።

ምን ላድርግ? «የሚመጣው መርማሪ ፀጉሩ የተገዛ ነው አላልኩህም? ይኸውልህ፣ ይሄ ነው!» አልኩት።

ምሰሶው ሲስቅ ሕንፃው ተንቀጠቀጠ፤ የመርማሪው ፀጉርም ዱብ አለ።

«እንዲህ ስቄ ካልተሰነጠቅሁ ብረቴ ሙሉ ነው!» አለ ምሰሶው።

መርማሪው በአንድ እጁ መላጣውን ሸፍኖ በሌላው ፈረመ።