የጸበሉ ጀሪካን

መጀመሪያ የተሰማው ፉጨት ነበር። ሹፌሩ የሕፃኑ ትንፋሽ መስሎት ወደ ጎን ሲዞር፣ እንፋሎት የፊት መስታወቱን ሸፈነው።

«አንቺ አሮጊት፣ ዛሬን ብቻ ታገሺኝ!» አላት መኪናዋን፣ ዳር ይዞ እያቆማት። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ማዶ ነው። ከጸበል ቦታ ያሳፈራት ሴት በትኩሳት የሚቃጠል ልጇን ታቅፋ ከጎኑ ተቀምጣለች።

ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩ ጎማ ተሰንጥቆ ውሃው ሁሉ ፈስሷል። ስንጥቁን በላስቲክ ጠፍሮ አሰረው። በዚያ በረሃ ያለው ውሃ ደግሞ ሴትዮዋ እግር ሥር ያለው ጀሪካን ብቻ ነው።

«እህቴ፣ በእመብርሃን ይዤሻለሁ፣ እሱን ስጪኝ።»

«ጸበል እኮ ነው! ለብረት? የልጄ ነው፣ አልሰጥም!»

«ሞተሩ ከነደደ እዚሁ መቅረታችን ነው እኮ!»

ጀሪካኑን በእግሮቿ መሃል አጥብቃ ያዘችው። እሱም ልመናውን ትቶ ከመንገዱ በታች ወዳለው ደረቅ ወንዝ ሮጠ። አሸዋውን በጥፍሩ ቢምስ ጠብታ አጣ። አሁን ደግሞ ምን ብሎ እንደሚለምናት እያሰበ ተመለሰ።

ሴትዮዋ ወርዳ መኪናዋ ጎን ቆማለች። ጀሪካኑን ራሷ ዘረጋችለት።

«እንካ። ሁሉንም ጨምረው።»

ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቶ፣ ፈጥኖ ተቀበላትና ራዲያተሩ ውስጥ አንቆረቆረው። ሞተሩን አስነሳ። የሙቀቱ መርፌ ቀስ እያለ ወረደ።

«እልል በይ እህቴ! እንደርሳለን፣ ግቢ!» ብሎ ዞረ።

ሴትዮዋ ልጇን ፊቱን ሳይቀር በነጠላዋ ጠቅልላ ታቅፋው፣ በመጡበት መንገድ ቁልቁል እየወረደች ነበር።