የፋይሉ ቤት

በያጁ የፕሮግራመሩን በር በእርግጫ ሲከፍተው የግድግዳው ሰዓት አራት ከአስር ይላል። በቀኝ እጁ ብረት፣ በግራው የታናሽ ወንድሙን ሄልሜት ይዟል። ሄልሜቱን ጠረጴዛው ላይ ሲያኖረው የስክሪኑን ግርጌ ከለለው። ወንድሙ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ወንድሜን የበላውን ማሽን የሚነዳው ያንተ ፋይል ነው» አለ። «ሰው እጁን እስኪያወጣ ሦስት ሰከንድ መጠበቅ ነበረበት። አልጠበቀም። ማነው ዜሮ ያደረገው?»

«እኔ እንጃ፣ ወን...»

ብረቱ አፉ ላይ አረፈ። ሁለት ጥርስ ኪቦርዱ ላይ ወደቀ።

ከላሜራ ድስት የሚያወጣው መጭመቂያ ልጁን እስከ ደረቱ ነበር የጎተተው። ማሽኑን ቆርጦ ሬሳውን ያላቀቀው በያጁ ራሱ ነው። ያንን ያየ ዓይን እንቅልፍ ከየት ያመጣል?

«ቆይ! በእናትህ! ደቂቃ ስጠኝና ላሳይህ!»

ፕሮግራመሩ ደሙን በእጅጌው እየጠረገ ጻፈ፣ ጻፈ፣ ጻፈ። በያጁ ዓይኑን ከሄልሜቱ መንቀል አቅቶት ነበር።

«ይኸው የፋይሎቹ ዝርዝር። ‹መጭመቂያ› የሚለው እኔ ጋ ያለ ይመስላል አይደል? ይሄ የበር ላይ ስም ነው እንጂ ፋይሉ የሚኖረው ሌላ ቤት ሊሆን ይችላል። ይሄ ዝርዝር አድራሻውን ብቻ ነው የሚይዘው። ማሽኑ የሚያነበው እዚያ ቤት ያለውን ነው።»

ስሙን ነካው። አድራሻው ወጣ፦ የአለቃው ኮምፒውተር። ውስጡ፣ የመጠበቂያው ሰከንድ ዜሮ።

«ምርት ቶሎ እንዲወጣለት ብሎ ነዋ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

የበያጁ ጆሮ ጭው አለ። አለቃው ማለት ሁለቱንም ወንድማማቾች ያስቀጠረ፣ ቀብሩ ላይ ከዘመድ በላይ ያለቀሰ ሰው ነው። ኮምፒውተሩ እንቢ ባለው ቁጥር «ኧረ ድረስልኝ» እያለ ፕሮግራመሩን የሚጣራ። ለካ አላዋቂ መስሎ ነው! የአዞ እንባ!

አለቃውን መጋዘን ውስጥ ላሜራ ሲመርጥ አገኘው።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ ምን ሆነ?»

«ቁጥሩን ለምን ነካኸው፣ ጋሼ?»

«የምን ቁጥር? እኔ ያን ነገር ከፍቼውም አላውቅ! በሞተው...»

«የሞተውንማ በአፍህ እንዳትጠራው!»

የመጀመሪያው ምት ጉልበቱን ሰበረ፤ ሁለተኛው ለልመና የተዘረጋ እጁን። ከዚያ ወዲያ በያጁ አልቆጠረም። ያቆመው ክንዱ ሲዝል ነው፤ ያኔ አለቃው ፊት የሚባል አልቀረውም።

ሰው ኡኡ ሲል ብረቱን ጣለና ወደ ፕሮግራመሩ ክፍል ተመለሰ። ሊያመልጥ አላሰበም። ፖሊስ ከመምጣቱ በፊት የወንድሙን ሄልሜት መያዝ ነው የፈለገው።

«ደምህን መልሻለሁ፤ አርፈህ ተኛ» አለው መንገድ ላይ፣ እንባው እየወረደ።

ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም። ጥርሶቹ ኪቦርዱ ላይ እንዳሉ ናቸው፣ ስክሪኑም እንደበራ ነው። ሄልሜቱን አነሳው። ሄልሜቱ ከልሎት በነበረው ቦታ፣ ከስክሪኑ ግርጌ፣ አንድ መስመር ተጽፏል።

«የፋይሉ የቀድሞ አድራሻ፦ የፕሮግራመሩ ኮምፒውተር፣ የሙከራ ማህደር። የተቀየረው፦ ዛሬ፣ 4፡14።»